ጥቃቅን ማስተካከያ

ታንደር ቤይ ነው፤ ጥር ነው። ሐይቁ ደርቆ ነጥቶ፣
የወደቡ ጎተራ በጉም መሐል ጠፍቶ፣
እኔ ከምድር ቤት፣ ከማሞቂያው አጠገብ፣
ሰው የጻፈውን ኮድ ሳርም፣ ስሰርዝ፣ ሳነብ።

የመንገድ ብርድ ነው ይህ ኮድ የሚለካው፤
ማንም የሚወስደው፣ ማንም የሚነካው።
አርቮ ጀመረውና ዓይኑ ሲደክምበት
«እንካ» ብሎ ሰጠኝ፤ እኔም ገባሁበት።

ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት ሲሆን ብርዱ
«መቶ ሰማንያ» ነበር የሚለው ኮዱ፤
በአሥር ማካፈሉ የተቀባይ ዕዳ።
አሥራ ስምንት ለማለት ምንድን ነው ይህ ፍዳ?
ዜሮዋን ቆረጥኳት። ዜሮ ምን አላት?
ስሟ ራሱ ምንም፤ ማንስ ሊያለቅስላት?
ከስሪቱ ግርጌ፣ ለውጥ ከሚጻፍበት፣
ሁለት ቃል ጣልኩና መብራት አጠፋሁበት፦

ጥቃቅን ማስተካከያ።

ኒፒጎን፣ ሦስት ሌሊት ቆይቶ። የመንገድ ሥራው ቤት
አዲሱን ስሪት ጎርሷል፣ ማንም ሳያስብበት።
ማሽኑ አሥራ ስምንት አየ፤ እንደ ልማዱ አካፈለ፤
«አንድ ነጥብ ስምንት! ለብ ያለ ሌሊት» አለ።
አሸዋ ለሚሻው ዳገት ጨው አስጫነለት፤
በዚያ ብርድ ጨው ጉልበት የለው፣ በረዶው ሳቀበት።
ጨው ለራስህ ስትል... ይባል አልነበር ድሮ?
ድንጋይ ሆኖ አደረ፣ አስፋልቱ ላይ ጠጥሮ።

ጎህ ሲቀድ የተማሪዎቹ አውቶቡስ በጎኑ ተንሸራተተ፤
ቀስ ብሎ፣ ከቦዩ ውስጥ፣ እንደ ሽማግሌ ተጎለተ።
ማንም አልተጎዳም። የአንዲት ልጅ ሾርባ ብቻ ነው የፈሰሰ፣
ከምሳ ዕቃዋ ወጥቶ ጫማዋን ያራሰ።

ኢርማ ሳሎ ደወለች፤ የሌሊት ተረኛ፤
ድምጿ እንደ አካፋ፣ ሻካራና ቀጥተኛ።
ቁጣ ጠብቄ ነበር።
«ሁለት ቃል አነበብኩ» አለችኝ።
«ጥቃቅን ለማን?»

አፌ ደረቀ። «ቆይ» አለች፤ ገጽ ስትገልጥ ተሰማኝ፤
በዘይት ጣት ከጠቆረ፣ ሠላሳ ዓመት ካገለገለ የፈረቃ መዝገብ፦

    የጓሮው በር ቁልፍ ተቀይሯል።
    አሮጌው ይገባል እንጂ አይዞርም፤ አትታገሉት።
    አዲሱ ከምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። — ኢርማ

    የሦስተኛው መኪና ፍሬን ወደ ግራ ይስባል።
    ድልድዩ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት እወቁት። — ክሊፍ

ከዚያ ዝም አለች። እኔም።

ገና ከአልጋው ያልተነሣ፣ ምናልባትም የማታውቀው፣
የነገው ተረኛ ነው በሌሊት የታያት ሰው።
እሷ ጽፋ ነው የተኛችው።
እኔ ሳልጽፍ ነው የተኛሁት።

ቁልፍ መቀየር ኃጢአት የለውም፤ ቤት ያረጃል፣ ብረት ይዝጋል፤
በጨለማ ቆሞ የድሮውን የሚያዞር ሰው ግን ጣቱ ይላጣል።

ስሪት አራት። ግርጌ ላይ አይደለም፤ ከላይ፣ ከመጀመሪያው መስመር፦

    ይህ ስሪት የድሮውን ይሰብራል።
    ብርዱ ከእንግዲህ በሙሉ ዲግሪ ነው፤ አሥራ ስምንት ማለት አሥራ ስምንት።
    በአሥር የምታካፍሉ ካላችሁ፣ ማካፈያችሁን ሳትነቅሉ አትጫኑት።
    ዛሬ ጊዜ ከሌላችሁ በስሪት ሁለት ቆዩ፤ እስከ ግንቦት እጠብቀዋለሁ።
    በስሪት ሦስት ይህንኑ ቀይሬ አልተናገርኩም። ኒፒጎን ላይ አውቶቡስ ቦይ ገብቷል።
    — ራስል

አርቮ በማጉያ መነጽር አነበበው፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ።
«ረዘመ» አለ።
ወደ መጨረሻው መስመር ተመለሰ፤ ቆየ።
«ተወው።»

በመስኮቱ ግርጌ የከተማው መኪና አለፈ፤
ጎማው ሲያንገጫግጭ ሰማሁት፣
አሸዋ ነበር።