አገር ስጠኝ

የባሪ ወደብ ላይ፣ ቀን ሊጠልቅ ሲያዘግም፣
መርከብ አፉን ከፍቶ ካሚዮን ሲለቅም፣
«ዮናስን የዋጠው ይኸው ነው» ብላት፣
ሳቀችብኝ ልጄ። አሥራ ሦስት ዓመት
ከሞላት ወዲህ ነው የምትስቅብኝ፤
ድሮማ ለቀልዴ ነበር የምትስቅልኝ።

ክፍል አልያዝንም፣ ኪስ አልፈቀደና፤
ከላይ ከጭስ ማውጫው ሙቀት ተዋስንና
ብርድ ልብስ ዘረጋን። አንድ ቡልጋር ሾፌር
ጫማውን አውልቆ፣ ከአጠገባችን ዳር፣
ሐብሐብ እንደ ሕፃን አቅፎ ያንኮራፋል።
ሞተሩ ከሥራችን ብረት ያንዘፈዝፋል።

«እንቆቅልህ?» አለች።
«ምን አውቅልሽ?» አልኳት።
«ቀን ይሄዳል፣ ሌት ይሄዳል፣ ‹ደረስኩ› ግን አይልም።»
«ሾፌር ነዋ!» አልኩኝ።
«አባዬ፣ አይደለም።»
«ነፋስ ነው? ሰዓት ነው?»
«ሰዓትማ ይቆማል።
እንግዲያ አገር ስጠኝ።»

እዚህ ላይ ቸገረኝ።
ልጅ ሳለሁ ጎጃምን፣ ከፋን፣ ሐረርጌን፣
ያባቴ ርስት ይመስል ሰጥቻለሁ ሁሉን።
አሁን ግን ምን አለኝ? ባለ አንድ መኝታ ቤት፣
እሱም የሰው፣ እሱም ወር በገባ ለት
የሚቆጠርበት።
አገር ስፈልግላት ሌሊቱ ነጋና፣
በስተግራ በኩል ከባሕሩ ጫፍ ቀና
አለ ጥቁር ተራራ፣ ጀርባው እየጋመ።
«ያንን ዳር ሰጠሁሽ!» አልኩኝ፣ ቃሌ ቆመ፤
ባለቤቶቹ ግን ገና አልነቁም ነበር።

«መልሱስ ታዲያ?»
«አገሬን ሳልረግጥ አልነግርህም።»

ኢጉሜኒጻ ስንወርድ «ለምን መጣችሁ?» ያለን የለም፤
መልሱን ግን ስለማመድ ነው ያደርኩት፣ ልማድ አይለቅም።

ካውቶቡሱ መስኮት ወይራ፣ ደግሞ ወይራ፤
ግንዱ፣ ሁለት ሴቶች ይዘው እንደጨመቁት ጋቢ የተጠማዘዘ፣
ከሥሩ ጥቁር መረብ፣ ፍሬ እስኪደርስ ድረስ ተጠቅልሎ የፈዘዘ።
«ግብሬን በዘይት ይክፈሉኝ» አለች።

ፓርጋ፣ ቤት በቤት ላይ ተሳፍሮ የሚኖር፣
ደረጃው ተወጥቶ የማያልቅ አገር።
ኪራ ስታማቲያ፣ ያከራየችን ሴት፣
ከቁልፉ አስቀድማ ሰጠችን በለስ ሦስት፤
የልጄን ጸጉር ነክታ አንድ ቃል ተናገረች፣
ፍቺውን ሳናውቅ «አሜን» አልን። እሷም ሳቀች።
ማታ በሹክሹክታ፦ «ከሕዝቤ ሁሉ እሷ ትሻላለች።»

በሦስተኛው ቀን ወደ አሙዲያ ወረድን፣
አኬሮን ከባሕር ሲደባለቅ ልናይ።
የጥንቶቹ ግሪኮች የሙታን ወንዝ ይሉት ነበር፤
ቀዛፊው ሳንቲም ተቀብሎ ነፍስ የሚያሻግርበት።
ባርባ ፎቲስ ግን ሃያ ዩሮ ተቀብሎ
መልስ ሰጠን፣ ከነደረሰኙ።
ልጄ በጣልያንኛ፦ «የወሰድከውን ሰው ትመልሳለህ?»
«ግዴን!» አለ። «የስምንት ሰዓቶቹ ይጠብቁኛል።»

ሸምበቆ ግራና ቀኝ። ውሃው አረንጓዴ፣ አጥንት የሚሰማው ቅዝቃዜ።
ኤሊ ከግንድ ላይ አንገቷን አስግጋ አየችን፣ ጠለቀች።
ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት ትዝ ሲለኝ
የጀልባውን ጠርዝ ያዝኩ፣ ቀጥዬ የልጄን ቀበቶ።
እሷ እጇን ነክራ ቆየችና፦
«ወንዝ ነው» አለች። «መልሱ ወንዝ ነው መሰለኝ።»
«መሰለኝ? አታውቂውም ነበር?»
«እማዬ ናት የጠየቀችኝ፣ ሆስፒታል፣ በመጨረሻው ሳምንት።
‹አገር ስጪኝ› ስትለኝ ነርሷ ሰዓት አልቋል አለች።
መልሱን ሳልሰማ ወጣሁ። አገርም ሳልሰጣት።»

ባርባ ፎቲስ ሞተሩን አጠፋ። ቋንቋችንን አያውቅም፤
ለኤሊዋ ብሎ ይሆናል።

«ይሄን ልስጣት?»
«ያንቺ አይደል?» አልኩ፣ ወደ ሸምበቆው እያየሁ።

በመመለሻው ሌሊት፣ ዳሩ ከኋላ ቀጥኖ ቀጥኖ
የእርሳስ መስመር ሲያክል፣
«እንቆቅልሽ?» አልኳት።
ተኝታለች።
ብርድ ልብሱን ወደ እሷ ሳብኩና፣ የእሷንም ፋንታ እኔው መለስኩ፦
ምን አውቅልሽ።