ደህና ነኝ ሲተረጎም

ከቅርያት ማላኪ፣ ከሦስተኛ ፎቅ፣
የአፉላን ሕመም በስልክ የምጠብቅ
ድምፅ ብቻ ነኝ እኔ፤ ፊት የለኝም፣ እጅ የለኝ።
ሐኪም በዕብራይስጥ፣ ታማሚ ባማርኛ ሲጠራኝ
መሐል ቆሜ አሻግራለሁ፤
አንድም ቃል ላልጨምር፣ አንድም ላልቀንስ ፈርሜያለሁ።

ጋሽ ቢያድግልኝ ጫኔ፣ የሰባ አንድ ዓመት ሰው፣
ደረቱ ተከፍቶ በሽቦ የታሰረው፣
የእግሩ ደም ሥር ተነቅሎ ልቡ ላይ ተሰፍቶ፣
አምስተኛ ቀኑ ነበር፤ ሊሸኙት፣ ጫማው ካልጋ ሥር ወጥቶ።

«ያመዋል?» አለ ሐኪሙ። «ያምዎታል ወይ?» አልኩ።
ዝም አለ። ዳገት እንደሚወጣ ሰው ትንፋሹ ሲቆራረጥ ቆጠርኩ።
«ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን። እናንተ ደህና ሁኑልኝ።»

ቃል በቃል ሰጠሁት። ጣቶች ሲጽፉ ተሰማኝ፦ ሕመም የለውም።
ጣቱን የቆነጠጠችው መሣሪያም «ዘጠና አምስት» አለች፤
ብርሃኗ በነጣ ቆዳ ተለክቶ፣ በጥቁር ጣት ላይ አበለች።
እኔስ? እኔም አበልኩ፤ ያውም አንድ ፊደል ሳላጎድል።

«ደህና ነኝ» ማለት እኮ በእኛ ቤት
«አትድከሙብኝ» ማለት ነው።
«ሌሊቱን ተቀምጬ አነጋሁት፣ ጋደም ስል አየሩ ያጥረኛል፣
ልጄ ግን በጠዋት ፋብሪካ ትገባለች» ማለት ነው።
እያወቅሁ አሻገርኩት።
ድልድይ የሚያልፍበትን ጭነት ፈትቶ ያያል ወይ?

ስምንት ገጽ ወረቀት አስይዘው ሸኙት።
የልጅ ልጁ ሺራን፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ፣ አነበበችለት፤
ጨው ቀንስ፣ ክኒኑን ዋጥ፣ ከባድ አታንሣ።
«ሺቁም» የሚለው ጋ ስትደርስ ዘለለችው፤
ቃሉን ታውቀዋለች፣ አማርኛው ጠፋት።

በሁለተኛው ወር ሌላ ሐኪም ደወለች፤ ጥናት ይዛለች።
«ያው ቀዶ ሕክምና፣ ያው እጅ፤ ታዲያ ለምን እነሱ...» ብላ ቆመች።
ያልጋ ጎረቤቱ ዜልማን፣ በዚያው ቀን በዚያው ቢላ የተከፈተው፣
ማክሰኞ ማክሰኞ የማይሄድ ብስክሌት ይነዳል፣
ነርስ አጠገቡ ቆማ።
ጋሽ ቢያድግልኝ በአሥራ ዘጠነኛው ሌሊት፣
ወንበር ላይ እንደተቀመጠ፣
ጋደም ሳይል።

ልጁ ትርንጎ መስመሩ ላይ ገባች።
«ልቡን ከፍተው አዩት፤ እሱን ግን ልብ አላሉትም» አለች።
ይህን ለመተርጎም አልደከምኩም፤
ልብና ሌቭ ያንድ እናት ልጆች ናቸው፣
በዕብራይስጥም ሰውን የሚያስተውል ልቡን ነው የሚያኖርበት።
ሐኪሟ ለጥቂት ጊዜ ምንም አልጻፈችም።

ከዚያ፦ «እናንተስ አሁን እንዴት ናችሁ?»
ትርንጎ ጉሮሮዋን ጠረገች፦
«ደህና ነን።»

ፊርማዬ ትዝ አለኝ።
«ምን አለች?» ትላለች ሐኪሟ፣ «ትሰሚኛለሽ?»
«ዶክተር» አልኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ድምፄ፣
«እስክርቢቶሽን አስቀምጪው። ረጅም ነው።»