የወንበር ትምህርት

ሦስት ሌሊት ቆጥሮ ቦዩ ድንጋይ ሲሆን፣
የስሎተን መንደር ዘግቶ ወጣ ሱቁን።
ስለት ያለው ጫማ ከቆጥ ላይ ተወርዶ፣
ሰው ሁሉ እንደ ዓሣ ፈሰሰ በበረዶ።
ዳቦ ጋጋሪው አለ፣ ፖስተኛዋ አለች፤
ዶክተሯም ቀጠሮ ለሰኞ አዛወረች።

እኔ ሃያ ክረምት ከድልድዩ ቆሜ
ሰው ሲስቅ ሳይ ኖርኩኝ፣ ሰበብ ተሸክሜ፤
«ጉልበቴ»፣ «ዕድሜዬ»፣ «የማታ ፈረቃ»፤
ጡረታ ስወጣ ሰበቤ አበቃ።

ፌምከ፣ የጎረቤት የሰባት ዓመት ልጅ፣
አንድ የእንጨት ወንበር እየጎተተች በእጅ፣
«ያዘው» አለች፣ «ግፋው፤ እግርህን አታንሳ፤
መውደቅህ አይቀርም፣ ያኔ ስቀህ ተነሳ።»

በአገሬ ወንበር ላይ መምህር ይቀመጣል፣
ተማሪው ከሥሩ ቃል በቃል ይቀጽላል፤
እዚህ ባዶ ወንበር፣ ማንም ያልያዘው፣
ሽበታም ደቀ መዝሙር ፊደል አስቆጠረው።

ወደቅሁ። ተነሳሁ። ወደቅሁ በደረት፤
ከመስታወቱ ሥር አየሁ የልጅ ጓንት፣
ቀይ፣ ጣቱን ዘርግቶ ሰላም ያለ መሳይ፤
ድልድይ ላይ ለቆመ ከቶም የማይታይ።

ሽማግሌው ታይስ፣ ሰማንያ አራት ሞልቶት፣
እጁን ወደ ኋላ በወገቡ አጣምሮት፣
ቅቤ እንደሚቆርጥ ቢላ በአጠገቤ አለፈ፤
«እንዴት ዋልክ፣ ጀማሪ!» ብሎኝ ከነፈ።

ጀማሪ!
በዚህ ስም ከተጠራሁ ስንት ዘመን ሆነኝ?
በረዶው ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅ ያዘኝ።

ነገ ይሞቃል አሉ። ማታ በማድቤቴ
ወንበሯ ያንጠባጥባል፤ ይጠዘጥዛል ጉልበቴ።
ይጠዝጥዝ።