አምስት እጅ ያወጣ ካርቦን

ጁበይል ሲመሽ አይጨልምም፤
የማጣሪያው እሳት፣ ከጭስ ማውጫው ጫፍ አይከስምም፤
በመስኮት ይገባና፣ የወጥ ቤቱን ወለል ያቀላል፤
የባሕሩ ወበቅ ከውጭ፣ መስታወቱን ላብ ያሳዝላል።

እኔ ድስት እፈገፍጋለሁ።

ጁማና ደብተሯ ላይ፣ አቀርቅራ ትቆዝማለች፤
አባቷ የሚያጣራውን ቤንዚን፣ እሷ በፊደል ትስላለች፦
ሲኤች ሦስት፣ ሲኤች፣ ቅንፍ፣ በቅንፉ ውስጥ ሲኤች ሦስት፤
ከዚያ ሲኤች ሁለት፣ መዝጊያው ደግሞ ሲኤች ሦስት።

ዘርዝሪው ተብላለች፣ ዘረዘረችው፤
ቅንፉን እንደሌለ ቆጥራ፣
ሁሉን በአንድ መስመር አሰለፈችው።
ጨርቄን ይዤ ሳልፍ አየሁ።
አንዱ ካርቦን አምስት እጅ አለው፤
ጎረቤቱ ሦስት ብቻ፣ አንድ እጅ ይጎድለዋል።

ዝም አልኩ። እዚህ ቤት አፌ፣ "ሐዲር" ሊል ነው የተቀጠረ።
ግን ያ አምስተኛ እጅ፣ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ቆረቆረ፤
የከሚሴው መምህር ይመር፣ ጠመኔውን እየሰበረ
"ካርቦን እጁ አራት ነው!
ሰው ቢቸግረው እጅ ያበቅላል?" ይል የነበረ
ድምፁ ከድስቱ ውስጥ ተናገረ።

ጣቴ እርጥብ ነው። ጥቁሩ እብነ በረድ ላይ ሳልኩት፤
አራት ካርቦን በተርታ፣
አምስተኛውን ከሁለተኛው ሥር አንጠለጠልኩት።
"ቅንፍ ሰልፍ አይገባም፤ ቀድሞት የተጻፈው ያዝለዋል፤
እጅ ቁጠሪ" አልኳት፣ በዚያ በተሰባበረ ዓረብኛዬ።
"ዋሒድ፣ ኢስነይን" እያለች፣ እስከ አርበዓ ቆጠረች።
ቀና ብላ አየችኝ።
"ማን አስተማረሽ?"

ስሙን ሳልነግራት ውሃው ደረቀ።
መጀመሪያ የጠፋው፣ ያ የተንጠለጠለው ነበር።

ሌሊት ለወንድሜ ለኑርሁሴን ጻፍኩ፦
"ደህና ነኝ። ብር ልኬያለሁ።"
ይኸው ነው፤ ጭምቅ ቀመር።
ዘርዝሬ ብስለው ኖሮ፣ ወረቀት አይበቃኝም ነበር፦
መጥረግ፣ ማጠብ፣ መተኮስ፣ በአንድ ቅንፍ አድርጌ፣
አንድ ሺህ የምትል ትንሽ ቁጥር፣ ከቅንፉ ግርጌ፤
ከጎን ደግሞ ሌላ ቅንፍ፦
ያልጨረስኩት አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣
ከየትኛው እጄ እንደሆን እንጃ፣ እስካሁን የሚንጠለጠል።

ኑርሁሴን "እሺ እታለም፣ እኛም ደህና" ብሎ መለሰ።
እሱም ጨምቆ ይሆናል።
እናቴ ስለ ጉልበቷ አላለችም፤
ስለ ዝናቡም ማንም አልጻፈ።

በማግስቱ እመቤቲቱ ሳሎን ነበረች፤
ጁማና ወንበር አልሳበችልኝም።
ብቻ ደብተሯን አዞረችው፣
የእርሳሱን መያዣ ወደኔ አድርጋ፤
"ሹፊ" አለች፣ በሹክሹክታ።
አዲስ ቀመር ነው፣ ረጅም፤ ሁለት ቅንፍ አለበት።

እጄን በሽርጤ አደረቅኩ።
ከግራ ጀመርኩ፦
ሲኤች ሦስት።