እንየው

ቁጭ በሉ እያልኩ ነው እንጀራ የምበላ፤
ቁጭ በል ጋሼ፣ ቁጭ በይ እትዬ፣ ጠጋ በሉ ወደኋላ።
ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር ድረስ
በር ላይ ተንጠልጥዬ ስጠራ፣ ስመልስ፣
መሪው ላይ እንየው፣ ያ ዝምተኛ ሹፌር፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያልተለየው ወንበር።

ኅዳር ሲጋመስ ነው፣ ቡሬን እንዳለፍነው፣
በአንድ ጎኑ ተንጋዶ ሲነዳ ያየነው።
"ምን ሆንክ?" ብዬ ስለው "ወንበሩ ነው" አለኝ፤
"ስፖንጁ ሞቷል" ብሎ ዓይኑን ሸሸገኝ።
እኔም የዋህ ሆኜ ከዳንግላ ገበያ
አዲስ ስፖንጅ ገዛሁ ለሱ መደላደያ።

ፊቱ ገረጣብኝ፤ ድዱ ደም ቋጠረ፤
ካፖርት ደርቦ እንኳ ሲንቀጠቀጥ አደረ።
ለቅሶ ቤት ሲገባ "ቁጭ በል" ይሉታል፤
"እቸኩላለሁ" ብሎ በር ይዞ ይቆማል።
ሰውም "ኮራ" አለው፤ "ብር አገኘ" አሉት፤
ቁጭ ማለት ሲያቅተው መቆሙን ጠሉበት።
እንየው ይሉት ባል፣ ይታይሽ ይሏት ሴት፣
ከአንድ አልጋ ተኝተው ያልተያዩት ቁስለት።

በራሱ መኪና፣ ኋላ ወንበር ላይ በሆዱ ተኝቶ፣
ባሕር ዳር አስገባሁት፣ ሌላ ሹፌር ተተክቶ።
ደሙን ቀዱ፣ ላኩት፤ ማታ ወሬው መጣ፤
"አጣዳፊ የደም ካንሰር" ከሐኪሟ አፍ ወጣ።
"ነጩ ደም ሞልቷል፤ ግን ጥሬ ነው፣ እሸት፤
ሲቆጠር ሠራዊት፣ ሲጠሩት ባዶ ቤት።"

ትኩሳቱ ሦስት ቀን እንደ ሞተር ጋለ፤
"ሌላስ የት ያምሃል?" ስትለው ጸጥ አለ።
በኛ አገር ጨዋ ሰው ያን ቦታ አይጠራም፤
ሞት ደጁ ቢቆምም ሱሪውን አይፈታም።

"ስምህ ማን ነው?" አለች ካርዱን እያየች፤
"እንየው።"
          "እንየዋ!" ጓንቷን አጠለቀች።
ሳቅ አመለጠው፣ እንባ ቀላቅሎ፤
ቀበቶውን ፈታ፣ "እንግዲህ እይው" ብሎ።

በዓይኗ ብቻ አየች፤ ጣት አላስገባችም፤
"ቢቧጨር ጀርሙ ደም ይገባል፤ አይሆንም።"
ቀልቶ ደድሯል እንጂ ጫፍ የለውም እብጠቱ፤
"ታዲያ ይበጣ!" አሉ ሙጬ፣ ከደምበጫ የመጡት አጎቱ።
"በእሾህ የተበጣ ስንቱ ሰው ድኗል፤
መግል ካልወጣለት እብጠት መች ይለቃል?"

"መግል የለም አባቴ። መግል ማለት እኮ
የወደቀ ዘበኛ ነው፣ ጠላቱን ማርኮ።
ይኼ ሰው ዘበኛ የለው፤ ቢላ ብናሳርፍበት
የማይዘጋ በር ነው የምንከፍትበት።"

መድኃኒቱ ተሰቅሎ ጠብ ጠብ ሲል ሌት ተቀን፣
ለብ ያለ ውሃ ሳፋ ላይ በጨው በጥብጠን፣
ይታይሽ በግራው፣ እኔ በቀኙ ደግፈን፣
ዝቅ እናደርገዋለን፣
እንደ ዕቃ፣ እንደ እንቁላል፣ ትንፋሻችንን ይዘን።
የባጃጅ ከመነዳሪ ፈልጌ አስነፋሁ፤
በነጠላ ጠቅልዬ ከሥሩ ዘረጋሁ።
አሥራ አንድ ዓመት "ቁጭ በሉ" ያለ አንደበት
"ቁጭ በል" ልለው ስል ተሳሰረ ድንገት።

አጠገቡ የተኛው የሞጣው መምህር
አርብ ማታ አለፈ። ማንም ስለሱ አይናገር።
አልጋው በረኪና በረኪና ሸተተ፤
እንየው ያንን ሌሊት ጣሪያ ሲቆጥር ነጋበት።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ሐኪሟ መጣች፣ አየች፤
"መግል ቋጠረ!" ብላ እልል ልትል ደረሰች።
ሙጬ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣
"መግል እልል ያሰኛል? ምን ጉድ ነው ይኼ ሰው!"
"ዘበኞቹ ገቡ" አለች፣ "ጥቂት ናቸው፤ ግን መጡ።"
ትንሽ በጣችለት። እንየው ላቡ በግንባሩ፣
ይታይሽ ውጭ፣ ፊቷን ደፍታ በበሩ።

አልዳነም እስካሁን፤ ገና ዙር ይቀረዋል፤
መሪውን ለጊዜው ወንድሙ ይዞታል።
እኔ በሩ ላይ ነኝ፤ ቆሞ የሚሄድ ሳይ
"ቁጭ በል" አልልም ቶሎ፤ አያለሁ ፊቱ ላይ።
ለቀጠሮው ሲመጣ ጋቢና ነው ቦታው፤
ከመነዳሪዋም እዚያው ተሰቅላ ትጠብቀዋለች፤
ሳምንት ሳይሞላት አየር ትቀንሳለች፤
መራዊ ጎማ ቤት አስነፋታለሁ፣ ትሞላለች።