ለጥላዬ ፀሐይ

ቤታችን ምድር ቤት ነው፤ ዊኒፔግ፣ ሰሜኑ ሰፈር፤
መስኮታችን ከበረዶው እኩል፣ የሚያየው አጥር።
ወገቡን ኦፕራሲዮን ሆኖ ባሌ በጀርባው ከረመ፤
የኮርኒሱን ስንጥቅ ሲቆጥር፣ ሲስት፣ እንደገና ሲጀምር ደከመ።
«ፀሐይ» አለኝ አንድ ቀን። ሌላ ምንም አላለ።
ስሙ ጥላዬ ነው። ፀሐይ ያማረው ጥላ የት አለ?

አጥሩ ግን ወደ ደቡብ ያያል፤ ቀትሩን ሙሉ ይሞቃል፤
መስታወት ብለጥፍበት፣ አልኩ፣ ብርሃኑ እኛ ዘንድ ይዘልቃል።
ብርጭቆ አይሆንም፤ የሰኔ በረዶ እዚህ የእንቁላል ያህል ነው።
አክሪሊክ ገዛሁ፣ ባለመስታወቱን፤ ሲታይ ያው ነው፣ ሲያዝ ላባ ነው።

መጀመሪያ የሽጉጥ ሙጫ። ቀልጦ ይወጣል፤ ሁሉን ይይዛል አሉ።
ዘጠኝ ቁራጭ ለጠፍኩ፤ ተደርድረው የዓሣ ቅርፊት መሰሉ።
ሌሊት ውርጩ መጣ። ጠዋት ዘጠኙም መሬት።
የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እኔም ለቀምኩ፣ በጓንት።

ከላያችን ዋልተር ህሪትሲክ አለ፣ የቤቱ አከራይ፤
አርባ ዓመት የአውቶቡስ መስታወት ገጥሟል፤ እጁ ጠባሳ ነው፣ በላይ በላይ።
ቁራጩን ገልብጦ ጀርባውን በጥፍሩ ፋቀ።
«ይኸው፣ መስታወት ያልሽው ቀለም ነው፤ ቀለሙ ከለቀቀ
ምን ሙጫ ሊያድንሽ? የለጠፍሽው ካፖርቱን ነው፤ ሰውየውን አይደለም።»
ከዚያ ወዲህ ኮቴን ስሰቅል ይህን ሳላስብ የዋልኩበት ቀን የለም።

ሳንቃ ሰጠኝ፦ «ፈትኚ፤ ብርዱ ይሁን ዳኛ፤
እኔም አንቺም አንፈርድም፤ ምስክር ነን እኛ።»

ሱፐር ግሉው እንደ ወረት ፍቅር በሰከንድ ያዘ፤
ዳር ዳሩን ግን ነጭ ጉም ጥሎ መስታወቱን አደነዘዘ።
ቀጥሎ ፕላስቲክን ከፕላስቲክ አቅልጦ የሚያጋባው ፈሳሽ፤
የጀርባውን ብር በላው፤ ፊቴን አየሁት ግማሽ በግማሽ።
ኤፖክሲው ድንጋይ ሆነ፣ ኩራቱ! በጥር፣ ከዜሮ ሠላሳ አራት ዝቅ ሲል፣
አክሪሊኩ ተኮማተረ፤ እሱ «እኔስ ንቅንቅ አልልም» ሲል
ቋ! አለ በእኩለ ሌሊት። ጥላዬ ባንኖ «ማነው?» አለ።
«ኤፖክሲ ነው» አልኩት። ሳቀ፤ እያመመው ሳቀ፤ ከዚያ ዝም አለ።

አራተኛው ሲሊኮን። ዋልተር ቱቦውን አሽትቶ ፊቱን ቋጠረ፤
«አቼቶ አቼቶ ይላል! ብሩን ውስጥ ውስጡን ይበላዋል» ብሎ ወረወረ።
ሌላ አመጣ፣ ሽታው ለዘብ ያለ። «ገለልተኛ» ይላል ወረቀቱ።
በእኛ ዘመድ መሃል ገለልተኛ አይቼ አላውቅም፤ ሙጫ ሆኖ መምጣቱ!

መጋቢት ሲገባ ሳንቃው ላይ የቀረው እሱ ብቻ ነበር፤
በጣቴ ስገፋው እሺ ይላል፣ ይመለሳል፤ አያውቅም መሰበር።
«ክፍተት ተዪ» አለኝ ዋልተር፣ «የሳንቲም ውፍረት፣ በየመሃሉ፤
በጋ ሲመጣ ይሰፋሉ፤ መተንፈሻ ካጡ ይጎብጣሉ።»

ሚያዝያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ብርዱ ሲለቅ፣
አጥሩ ላይ ቆርቆሮ መታሁ፤ በአልኮል ጠረግኩት እስኪብለጨለጭ ድረስ፣ እስኪደርቅ።
ሲሊኮኑን በመስመር በመስመር፣ አየር እንዲያገኘው፤
ዘጠኙን አንድ በአንድ ገጠምኩ። አንዱ ዳሩ ተልጧል፤ እሱንም አልጣልኩት፣ ከታች አደረግኩት፣ ሣሩ እንዲሸፍነው።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ሲል ፀሐይዋ ከአጥሩ ተላግታ ገባች፤
ኮርኒሱ ላይ፣ በስንጥቁ መሃል፣ እንደ ውሃ እየተንቀጠቀጠች ተኛች።
በመስኮቱ አየሁት፤ እጁን ዘረጋ፤ አልደረሰባትም።
«ትንሽ ወደ ግራ» አለ።

ሱፐር ግሉ ቢሆን አበቃ ነበር፤ ይቅርታ አያውቅም።
ይኼኛው ቆዳ እስኪያወጣ አሥር ደቂቃ ይታገሣል።
ስድስቱ አልፏል።
የመሃለኛውን በመዳፌ ገፋ አደረግኩት።
እሺ አለ።
«አሁንስ?» አልኩ።
«ትንሽ…» አለ ጥላዬ።