ጋሪው

የበረዶውን ወራት ሙሉ ባሌ ጋሪ ሲሠራ፣
መጋዙ ሲያንኮራፋ፣ መዶሻው ሲያወራ፣
"የአያቴ ውሻ" ይላል፣ "በዚህ በትሩብ ዳገት፣
አይብ ቤት ድረስ ጎትቶ ያደርስ ነበር ወተት።
የኛም ፍሎክ ይጎትታል፤ ደሙ ነው፣ ዘሩ ነው!
አትሳቂ ሮስማሪ፣ ሊያልቅ እኮ ትንሽ ነው።"
እኔም ዝም አልኩ፤
ቀይ ቀለም ሲቀባው ብሩሹን አጠብኩ።

ፍሎክ ያኔ ገና የአሥር ወር ቡችላ፣
መዳፉ ጭልፋ የሚያህል፣ አይጠግብ ቢበላ፣
ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡናማ፣ ሦስት ቀለም ለብሶ፣
ደረጃ የሚወርድ እንደ ጎርፍ ደርምሶ።
አንድ ጧት ሲነሣ ግን፣
ግራ የፊት እግሩን እንደ ሰው አደራ፣
መሬት ላይ ሊያኖራት፣ ሊያሳርፋት ፈራ።
"ወለም ብሎት ነው" አለ ኤርንስት፣ "ያልፋል።"
እውነትም ትንሽ ሲራመድ ያልፋል፤
ተኝቶ ሲነሣ ደግሞ ያነክሳል።

ላንግናው ወሰድነው። ሐኪሟ ኒፈለር፣
ገና ልጅ ናት፤ አትቸኩልም ስትናገር።
ክርኑን አጠፈች፣ ዘረጋች፤ ተንሰቀሰቀ፤
ባሌ ባርኔጣውን እንደ ጨርቅ ጨመቀ።
ራጁን አጉልታ፣ "እዩ" አለች፣ "ከመሃል፣
ስንዴ የሚያህል ስባሪ ክርኑ ውስጥ ይታያል።
አጥንቶቹ ሲያድጉ ሳይስማሙ ቀሩ፤
አብሮት የመጣ ነው፣ ከእናት ካባት ዘሩ።
ስባሪውን በቀዶ ጥገና አወጣው ይሆናል፤
ቁርጥማቱ ግን አብሮት ይኖራል።
አይድንም፤ ይያዛል። እንደ ክፉ ጎረቤት፣
ጠባዩን አውቃችሁ ትኖራላችሁ በአንድ ቤት።"
"ጋሪስ?" አለ ባሌ፣ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ።
ሐኪሟ ዝም አለች፤ ዝምታዋ መልስ ሆኖ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሌላ ቤት ነው።
ደረጃው በር ተገጠመለት፤ የሚያዳልጠው
የጥድ ወለል ሁሉ ምንጣፍ ለበሰ፣
የእንግዳ ክፍል ምንጣፍ ኮሪደር ደረሰ።
እራቱን በአይብ ሚዛን እመዝናለሁ፣
አንዲት ግራም ላትተርፍ፣ ላትጎድል ምያለሁ።
"ኪሎ ሲጨምር" ብላለች፣ "ክርኑ ነው የሚከፍለው።"
ፍሎክ ሚዛኑን እንደ ጠላት ነው የሚያየው።
ጎረቤታችን ፍሬኒ ቋሊማ ይዛ ስትመጣ፣
በአጥር ቀዳዳ ስታቀብለው፣ እኔ በቁጣ፣
"ፍቅር ሳይሆን ሸክም ነው!" ብዬ ስጮህባት፣
ራሷ ጎረሰችው፤ ምን ምርጫ አላት።
ክኒኑን አይብ ውስጥ ስደብቅ፣ አይቡን ይልሳል፣
ክኒኑን ምንጣፍ ላይ በክብር ያስቀምጣል።

ጧት ጧት ሙቅ ፎጣ በክርኑ ጠቅልሎ፣
ኤርንስት መሬት ይቀመጣል ሥራውን ጥሎ።
ዐሥር ጊዜ ማጠፍ፣ ዐሥር ጊዜ መዘርጋት፣
ዘይት የጠማውን ማጠፊያ በቀስታ እንደ ማግባባት።
ይህ ሰውዬ እኮ፣ አርባ ዓመት አብረን ስንኖር፣
የኔን ጉልበት አንዴም አሽቶ አያውቅም ነበር!
አንድ ሌሊት ግን ሰማሁት ለውሻው ሲናገር፤
"ጫካው ውስጥ ያሯሯጥኩህ፣ በበረዶው ዳር፣
እኔ ነኝ?" ይለዋል።
ፍሎክ ያንኮራፋል።

ግንቦት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ መጋዙ አንኮራፋ።
ወጥቼ ባይ፣ ጋሪው ከመጋዘን ተገፋ፤
የውሻውን መሳቢያ ነቅሎ ጥሎ ኖሮ፣
በራሱ ቁመት ልክ እጀታ ቸንክሮ፣
ውስጡን የበግ ቆዳ አነጠፈና ጠራው፤
ፍሎክም በሳንቃ ወጣ፣ መዝለል ክልክል ነው፣
እንደ ሹም ተኮፍሶ ጉዞውን ጠበቀ፤
ባሌ እጀታውን በሁለት እጁ አነቀ።

ቁልቁል ወረዱ፣ ወደ ኢልፊስ ወንዝ፣ ለዋና፤
ውሃ ክርን አይጫንም፣ ተሸካሚ ነውና።
መመለሻው ነው ዳገቱ። አይብ ቤት ደጃፍ የቆሙት ሳቁ፤
"ኤርንስት፣ ከሁለታችሁ ውሻው ማነው?" ብለው ጠየቁ።
ባሌ ላቡን ጠርጎ፣ ሳይቆም እንዲህ አለ፤
"የአያቴ ውሻ ደሞዝ ነው፣ ያልተከፈለ።"

ዛሬ ዝናብ ጥሏል። ዝናብ ሲጥል ያነክሳል።
ገና ሁለት ዓመቱ አልሞላም፤ እንደ ሽማግሌ ይነሣል።
ሚዛኑ ጠረጴዛው ላይ፣ ፎጣው ምድጃው ላይ፣
እሱ በሩ ሥር ተኝቶ ጋሪውን ሲያይ፣
ጭራው ሁለት ጊዜ ምንጣፉን መታው።
"ነገ" አልኩት፣ "ዝናቡ ካባራ፣ ጌታው።"